«ኢንሹራንስ አለው» ማለት ብቻውን አይበቃም



ይህች አስተያየት በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ጥቂት ቦታ እንድታገኝ በትሕትና እለምናለሁ። ስጀምራት አጭር ነበረች፤ ስጨርሳት ረዝማ ብትገኝ የነገሩ ስፋት ነውና ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤታችን ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንጫወት አንድ ወጣት ባልደረባችን በስልኩ ላይ ፎቶግራፍ አሳየን። በስኮትላንድ ባሕር ላይ የተንሳፈፈ የነፋስ ተርባይን ነው። ዐምዱ ከባሕሩ መካከል ብቻውን ቆሞ፥ ሦስት ክንፎቹን ዘርግቶ ሲታይ በእውነት ያስገርማል። አንዲት ወይዘሮ ባልደረባችን፥ «ማዕበል የመጣ ዕለት ቢገለበጥስ?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱም ሳያመነታ፥ «ቢገለበጥ ምን ቸገረ፤ ኢንሹራንስ አለው!» ሲል መለሰላቸው። ሁሉም ሳቀ፤ ጨዋታውም ወደ ሌላ ዞረ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ወደ መንግሥት ሥራ ከመዛወሬ በፊት በአንድ የመድን ድርጅት የካሣ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህንንም ቃል ከተገለበጠ የጭነት መኪና አጠገብ፥ ከተቃጠለ መጋዘን ደጃፍ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ቃሉ ውሸት አይደለም። ዳሩ ግን የሚናገረው ሰው ከዚያ በኋላ መጠየቅ ያለበትን ሁሉ የጠየቀ ይመስለዋል። ስለዚህም ነገር፥ ይልቁንም ስለ ተንሳፋፊው የነፋስ ጣቢያ፥ የሚሰማኝን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በባሕር ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች አብዛኞቹ እግራቸው በባሕሩ ወለል ላይ የተተከለ ነው። ይህ ግን የሚሆነው ውሃው እስከ 60 ሜትር ያህል ሲጠልቅ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የብረቱም ብዛት የገንዘቡም ወጪ አይቻልም። መልካሙ ነፋስ ደግሞ በአብዛኛው የሚነፍሰው ከዚያ በጠለቀው ባሕር ላይ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ዐምዱን እንደ መርከብ አንሳፍፈው፥ በሰንሰለትና በመልሕቅ ከወለሉ ጋራ ማሰርን ዘየዱ። በ2009 በኖርዌይ ባሕር ላይ 2.3 ሜጋ ዋት የሚሰጥ አንድ ተርባይን ለሙከራ ተንሳፈፈ። በ2017 በስኮትላንድ፥ ከፒተርሄድ ከተማ ፊት ለፊት፥ ሃይዊንድ ስኮትላንድ የተባለው ባለ 5 ተርባይን ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ጠቅላላ ኀይሉ 30 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ ወዲህ በፖርቱጋል 3፥ በስኮትላንድ በአበርዲን አጠገብ ኪንካርዲን በተባለው ጣቢያ 6፥ በኖርዌይ ደግሞ በ2023 በተመረቀው በሃይዊንድ ታምፔን 11 ተርባይኖች ተንሳፈፉ። ታምፔን ከባሕር ዳር 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የውሃውም ጥልቀት ከ260 እስከ 300 ሜትር ነው። የአንዱ ተርባይን ኀይል በአዳማ ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ከምናያቸው ከ5ቱ ይበልጣል፤ የአዳማዎቹ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ናቸውና።

ልዩነቱ ግን በኀይሉ ብቻ አይደለም። አዳማ ላይ አንድ ነገር ቢሰበር ክሬኑ በመንገድ ይሄዳል፤ ሠራተኛውም ማታ ቤቱ ይገባል። በጥልቁ ባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ ለማንሣት የሚቻለው መርከብ በየወደቡ አይገኝም፤ ቢገኝም ተንሳፋፊው ከነሞገዱ ይወዛወዛል። ስለዚህ ትልቅ ዕቃ ሲበላሽ የሚደረገው ተርባይኑን ከነዐምዱ ከሰንሰለቱ ፈትቶ፥ ኬብሉንም ነቅሎ፥ በጎታች መርከብ ወደ ወደብ መውሰድ ነው። ከኪንካርዲን አንዱ በ2022 ለዚሁ ሥራ የሰሜንን ባሕር አቋርጦ እስከ ሆላንዱ ሮተርዳም ድረስ ተጎትቷል። በ2024 ደግሞ የሃይዊንድ ስኮትላንድ ተርባይኖች አምስቱም ወደ ኖርዌይ ተጎትተው ሄዱ። የተበላሸው ምን እንደ ሆነ አንባቢ ቢሰማ ይገረማል፤ ጋራዥ ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ኩሽኔታ ነው። እርግጥ ነው፥ ኩሽኔታው የክንፎቹን ጠቅላላ ክብደት የሚሸከም ትልቅ ኩሽኔታ ነው። ቢሆንም ስለ ኩሽኔታ ሲባል አንድ ሙሉ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ለወራት ከሥራ ወጥቶ ባሕር ተሻገረ።

ለጣቢያው ፍርድ እንዳላጓድል ይህንንም ልጨምር፤ ይኸው ጣቢያ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመቶች በአማካይ ከሙሉ ኀይሉ 54 ከመቶ ያህል ሰጥቷል፤ ይህም በብሪታንያ ባሕር ላይ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ የበለጠ ነበር። ስለ ኩሽኔታውም ባለቤቱ ኩባንያ ሳይደብቅ አስታውቋል። የምጽፈው የነፋሱን ሥራ ለመንቀፍ አይደለም።

አሁን ወደ መድኑ ልምጣ። የለንደኑ የባሕር መድን ገበያ ከቡና ቤት የተነሣ ነው። ከ1680ዎቹ ጀምሮ የመርከብ ባለቤቶችና ሥጋት የሚሸከሙ ነጋዴዎች በኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት እየተገናኙ፥ የትኛው መርከብ እንደ ደረሰ፥ የትኛውም እንደ ሰጠመ ወሬ ይለዋወጡ ነበር። (ቡናውን ለዓለም ያስተዋወቅነው እኛ ነንና በዚህ ሥራ ድርሻ ሳይኖረን አይቀርም!) ከዚያ ቡና ቤት የወጣው የሎይድስ ገበያ እስከ ዛሬ ድረስ የባሕር ላይ ሥራ ሁሉ መድን የሚፈለግበት ቦታ ነው። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ግን ገንዘቡን ሳይሆን ወሬውን ነው። በዚያ ቡና ቤት ዋጋ የተሰጠው ለመርከብ ወሬ ነበር። አረቦን የሚተመነው ካለፈው ነው፤ አንድ ሺህ መኪና በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚጋጭ የሚያውቅ መድን ሰጪ ለሺህ አንደኛው ዋጋ ያወጣል። ተንሳፋፊዎቹ ተርባይኖች ግን በዓለም ሁሉ ቢቆጠሩ በደርዘን የሚለኩ ናቸው፤ የመጀመሪያውም ከተንሳፈፈ 20 ዓመት አልሞላውም። መድን ሰጪው በጨለማ ይተምናል ማለት ነው። በጨለማ የሚተምን ሰው ደግሞ ወይ እጅግ ያስወድዳል፥ ወይ ከሌላው ጋራ ሲሽቀዳደም ያለ ልክ ያረክስና በኋላ ሲጎዳ ጥሎ ይወጣል።

ስለ ውሉ ጥቂት ነገር ልናገር። ለግንባታው ጊዜ አንድ መድን አለ፤ ለሥራው ጊዜ ሌላ አለ፤ ሥራው በመቆሙ ለሚቀረው ገቢም እንዲሁ። ነገር ግን ባለንብረቱ በራሱ የሚሸከመው ድርሻ አለ፤ ለቀረው ገቢ ሲሆንም ካሣው መቆጠር የሚጀምረው ከስንት ቀን በኋላ እንደ ሆነ በውሉ ይወሰናል። በአገልግሎት ብዛት ያለቀና የደከመ ዕቃ በተለመደው ውል አይካስም።

በዚህ ሁሉ መካከል እኔ ከሁሉ የማከብረው አንድ ሰው አለ፤ እርሱም መድን ሰጪዎቹ የሚቀበሉት የባሕር ሥራ መርማሪ ነው። ተርባይኑ ከወደብ ከመጎተቱ በፊት ይህ ሰው የጎታቹን መርከብ ኀይል፥ ገመዱን፥ ማሰሪያውን፥ የአየሩንም ትንበያ ይመረምራል። እርሱ የፈቃድ ወረቀቱን ካልፈረመ ጉዞው አይጀመርም፤ ያለ ፊርማው ቢጀመር ደግሞ የመድኑን ዋስትና ያሳጣል። መርከቦቹ በቀን ብዙ ገንዘብ ኪራይ እየበሉ ወደብ ላይ ቆመዋል፤ አለቆች ይደውላሉ፤ ሰማዩም ጥርት ብሎ ይታያል። እርሱ ግን፥ «ከነገ ወዲያ ሞገዱ ከተፈቀደው ልክ ያልፋል፤ አልፈርምም» ይላል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ፊርማ መከልከል ምን ያህል እንደሚያስጠላ እናውቃለን። አለቃ ቆሞ እየጠበቀ፥ ባለጉዳይ በር ላይ እያጉረመረመ፥ «ወረቀቱ አልተሟላም» ማለት ወዳጅ አያፈራም። «ኢንሹራንስ አለው» የሚለው ሰው ይህን መርማሪ እንደ መሰናክል ያየዋል፤ እኔ ግን በመድኑ ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ሰው ይጠቅማል እላለሁ። ገንዘቡ ከስብራቱ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ሰውዬው በፊት።

ዳሩ ግን መርማሪውም ቢሆን የሚያውቀውን ያህል ነው የሚመረምረው። ያልተነገረውን ስብራት ከወዴት ያውቀዋል? ስለ ተንሳፋፊ ነገር ከነፋስ ሰዎች ይልቅ የነዳጅ ሰዎች ብዙ ያውቃሉ። በየካቲት 2011 በሰሜን ባሕር ግሪፎን አልፋ የተባለው የነዳጅ ማውጫ መርከብ በማዕበል ላይ ሳለ ከማሰሪያ ሰንሰለቶቹ አራቱ ተበጠሱበትና ከቦታው ተገፋ፤ በባሕሩ ወለል ላይ ያሉትም ቧንቧዎች ተጎዱ። እስከ 2013 ድረስ ነዳጅ ሳያወጣ ቆየ። አንድ ሰንሰለት ሲበጠስ ሸክሙ በሌሎቹ ላይ ይወድቃልና አንዱ ሌላውን ያስከትላል። ይህ ትምህርት ለነፋሱ ሥራ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የተገኘውም ነገሩ ስለ ተነገረ ነው።

ኬብሉም እንደዚሁ ነው። በባሕር ላይ በሚሠሩት የነፋስ ጣቢያዎች ከሚከፈለው ካሣ 80 ከመቶ ያህሉ በኬብል ምክንያት እንደ ሆነ በገበያው ያሉ ሰዎች ደጋግመው ይጠቅሳሉ። ይህም እግራቸው በተተከለው፥ ኬብላቸውም ተቀብሮ በሚተኛው ጣቢያዎች ነው፤ የተንሳፋፊው ኬብል ግን ከተርባይኑ ጋራ ሌሊትና ቀን ሲወዛወዝ ይኖራል። በ2021 ኦርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ፥ እስከ 10 በሚደርሱ ጣቢያዎቹ የኬብል መከላከያው በድንጋይ እየተፋቀ ማለቁንና እስከ 3 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ያህል ሊያስወጣው እንደሚችል አስታወቀ። ልብ በሉ፤ ጉዳቱ በአንድ ቦታ አይደለም። አንድ ዐይነት አሠራር በብዙ ቦታ ተደግሞ፥ ስሕተቱም አብሮ ተደገመ።

መድን ሰጪዎች ይህን ስለሚፈሩ በውሉ ውስጥ የተደጋጋሚ ጉዳት አንቀጽ የሚባለውን ያስገባሉ። ልኩ እንደ ውሉ ቢለያይም አሠራሩ ይህ ነው፤ በአንድ ጉድለት ምክንያት መጀመሪያ የተሰበረው ሙሉ ይካሳል፤ ሁለተኛው ይቀነሳል፤ ሦስተኛው ይብስ ይቀነሳል፤ በመጨረሻም ምንም አይከፈልም። አንቀጹ ባለንብረቱ ጉድለቱን ቶሎ እንዲያርም ነው የታሰበው። ነገር ግን ሌላም ነገር ያስተምረዋል፤ ሁለቱ ስብራቶች አንድ ናቸው ብሎ ከመናገር ዝም ማለት እንደሚሻል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በካሣ ክፍል ሳለሁ አንድ የጭነት ባለንብረት ባንድ ጊዜ ከገዛቸው መኪናዎች ሁለቱ በ4 ወር ውስጥ ተጋጩ። በአንደኛው ዶሴ ላይ «መንገዱ ያንሸራትት ነበር»፥ በሁለተኛው ላይ «ሾፌሩን እንቅልፍ ወሰደው» ተብሎ ተጻፈ። ሁለቱንም ዶሴ የመረመርሁ እኔ ነኝ፤ በተለያየ ወር ነበርና እያንዳንዱን ለብቻው አይቼ ፈረምሁ፤ ካሣውም ተከፈለ። ሦስተኛው መኪና ታርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሾፌሩ ተረፈ፤ ረዳቱ፥ ገና 19 ዓመቱ ነበር፥ አንድ እግሩን አጣ። በኋላ መካኒኩን ብንጠይቀው የሦስቱም የፍሬን ቧንቧ በአንድ ቦታ የተሰነጠቀ መሆኑን ሳይሸሽግ ነገረን። «ባለቤቱ ያውቅ ነበር፤ እናንተ አልጠየቃችሁኝም» አለ። ለረዳቱ ካሣ ተከፍሎታል፤ ቼኩን ያስረከብሁት እኔው ነኝ። ልጁ፥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ተቀበለኝ። ሁለቱን ዶሴዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ባነብ ኖሮ የሚለው አሳብ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጎን ለጎን የማስቀመጥን ጥቅም እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላ ቦታ በመራራ እናውቀዋለን። በመጋቢት 2019 በቢሾፍቱ አቅራቢያ አውሮፕላናችን ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፥ ከ5 ወር በፊት በኢንዶኔዥያ ከወደቀው ጋራ ያለው ተመሳሳይነት ሲታይ ነው ያ ዐይነት አውሮፕላን በመላው ዓለም ከበረራ የታገደው። በአቪዬሽን የአደጋ ምርመራ ውጤት ለሕዝብ መገለጥ እንዳለበት ዓለም አቀፍ ሥርዐት አለ። በባሕር ላይ ነፋስ ሥራ ግን ካሣው ሲከፈል ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ምስጢር ለመጠበቅ ይዋዋላሉ፤ ዶሴውም ይዘጋል። አምራቹም፥ ባለንብረቱም፥ መድን ሰጪውም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁራጭ ይዘው ይቀመጣሉ።

እንግዲህ የኔ አሳብ ይህ ነው። ከመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ያገኘ ወይም የሕዝብ ንብረት በሆነ ባሕር ላይ የሚሠራ ተንሳፋፊ ጣቢያ ሁሉ፥ የተበጠሰበትን ሰንሰለት፥ የተቃጠለበትን ኬብል፥ ያለቀበትን ኩሽኔታ፥ በጉተታ ጊዜ የደረሰበትን አደጋ ለሁሉ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ እንዲያስመዘግብ በሕግ ይገደድ። የኩባንያው ስም ቢሰወር ግድ የለኝም፤ የዕቃው ዐይነት፥ ዕድሜው፥ የውሃው ጥልቀት፥ የሞገዱ ከፍታ ከተጻፈ ይበቃል። ፈጽሞ አዲስ ነገርም አይደለም። በብሪታንያ ባለንብረቶች ስማቸው ሳይገለጥ የብልሽት ቁጥራቸውን የሚያዋጡበት ስፓርታ የተባለ መዝገብ አለ፤ ዝርዝሩ ግን የአባሎቹ ነው። በሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን አደጋ ደግሞ ጂ ፕላስ የተባለው የኩባንያዎቹ ማኅበር በየዓመቱ ያትማል። ለሰው የተደረገው ለሰንሰለትም ይደረግ፤ ሰንሰለቱ ሲበጠስ አጠገቡ የሚገኘው ሰው ነውና።

ኩባንያዎቹ «ምስጢራችን ለተወዳዳሪ ይደርሳል፤ ባለገንዘቦችም ይሸሻሉ» እንደሚሉ አውቃለሁ። የንግድ ምስጢር መጠበቅ አለበት። ነገር ግን የተሰበረ ኩሽኔታ ምን ዐይነት ምስጢር ነው? ደግሞስ ሥጋቱን በእውነት የተሸከመው ማን ነው? የጃፓን መንግሥት ከ2013 ጀምሮ በፉኩሺማ ባሕር ላይ 2፥ 7ና 5 ሜጋ ዋት የሆኑ 3 ተርባይኖችን አንሳፍፎ ነበር። ትልቁ በብልሽት ምክንያት ቀድሞ ተነሣ፤ በ2020 መጨረሻም የቀሩት እንዲነሡ ተወሰነ። የወጣው 60 ቢሊዮን የን ያህል የሕዝብ ገንዘብ ነው። በብሪታንያ ደግሞ በ2024 ግሪን ቮልት የተባለው 400 ሜጋ ዋት የሚሆን ተንሳፋፊ ጣቢያ ለአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት በ2012 ዋጋ ወደ 140 ፓውንድ ያህል ዋስትና አግኝቷል፤ የገበያው ዋጋ ከዚያ ሲያንስ ልዩነቱን የሚከፍለው የመብራት ደንበኛው ነው። ከ30 ወደ 400 ሜጋ ዋት መዝለል ነው ይህ! በ2023 ጂኪዩብ የተባለው መድን ሰጪ ባወጣው ጽሑፍ፥ ከ8 ሜጋ ዋት በላይ የሆኑት ተርባይኖች በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመቶች ውስጥ ዕቃቸው መሰበር እንደ ጀመረ፥ ከነሱ የሚያንሱት ግን ከ5 ዓመት በላይ ይቆዩ እንደ ነበር ገልጧል። ደንበኛው ይህን እየከፈለ ምን እንደ ተሰበረ እንዳያውቅ መከልከሉ ለኔ ፍርድ አይመስለኝም።

«ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን፤ ባሕር የለንም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በዳር በኩል ያገባናል። የኛ መድን ድርጅቶች ከባዱን ሥጋት ብቻቸውን አይሸከሙም፤ ለጠለፋ መድን ሰጪዎች ያካፍላሉ። በ2016 የራሳችን የጠለፋ መድን ድርጅት ሥራ ቢጀምርም ከባዱ ሥጋት ዛሬም ወደ ውጭ ይሻገራል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። እዚያ ባልታወቀ ነገር ገበያው ሲደናገጥ ዋጋው ለሁሉም ይወደዳል፤ የሰሜን ባሕርና የሞጆ መጋዘን በአንድ ሰው መዝገብ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ወይዘሮ ባልደረባችን የጠየቁትን ሳልመልስላቸው ነበር። የሃይዊንድ ዐምድ ከውሃ በታች 78 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከታችም ከባድ ክብደት ተሞልቶበታልና በቀላሉ አይገለበጥም። እንዲያውም ፖርቱጋል ያሉት ሦስቱ ባለ ሌላ ዐይነት ተንሳፋፊዎች በኅዳር 2023 ሲያራን የተባለውን ማዕበል በደኅና አሳልፈዋል። እኔ የምፈራው መገልበጡን ሳይሆን በፎቶግራፉ ላይ የማይታየውን ሰንሰለት ነው። ሰኞ በሻይ ሰዓት ይህንኑ ልነግራቸው አስቤአለሁ፤ ወጣቱም ይኖራል።

አክባሪዎ፥
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
አዲስ አበባ